መብራት ያልጠፋበት ሳምንት

ከጂንካ ነው የምጽፈው። የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ የምታነቡት ይሁን። በተለይ ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤታችን ሰርቨር ገንዘብ ያዋጣችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በእናንተ ገንዘብ ስለተገዛው ዕቃ የምነግራችሁ አለ። ከዚያ በላይ ግን አንድ ልጅ ላይ ስለሠራሁት ጥፋት ነው። ጥፋቱን በሰው ፊት ስለሠራሁት ይቅርታውንም በሰው ፊት ልጽፈው ወሰንኩ።

መጀመሪያ ለማታውቁት ላስረዳ። «ሰርቨር» ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የአይሲቲ ላባችን ጥግ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ። ሁለቱ ዲስኮች የሚይዙት ያንኑ ነገር ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ። ውስጡ የመማሪያ መጻሕፍት አሉ፣ የቆዩ የፈተና ወረቀቶች አሉ፣ የሒሳብና የፊዚክስ ቪዲዮዎች አሉ፣ ያለ ኢንተርኔት በኪዊክስ የሚነበብ ዊኪፔዲያ አለ፣ ሙድል ላይ የሠራሁት የጥያቄ ባንክ አለ። ሁሉም ተደምሮ 150 ጊጋባይት ገደማ ነው። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም የላቡ ኮምፒውተሮች ሁሉ ከእሱ ያነባሉ።

ይህ ለምን ትልቅ ጉዳይ ሆነብህ ትሉኝ ይሆናል። ደቡብ ኦሞን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከዲመካ፣ ከቱርሚ፣ ከሐና፣ ከኦሞራቴ ለትምህርት ጂንካ የመጣ ልጅ ወይ ሆስቴል ነው የሚኖረው ወይ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው። ስማርት ስልክ ያለው ስንቱ ነው? የዳታ ብር ያለውስ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ከመላ አገሪቱ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ የተወሰኑት ተማሪዎች ፈተናውን በኮምፒውተር መውሰድ ጀመሩ። ማውስ በደንብ ይዞ የማያውቅ ልጅ በኮምፒውተር ይፈተን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እኔ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ፤ አገር መለወጥ አልችልም። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ግን አስነስቼ ማቆም እችላለሁ ብዬ ነው የጀመርኩት።

እናላችሁ፣ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባና ሐዋሳ ያላችሁ ልጆች «ቲቸር ላቡ ምን ጎደለው?» ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ፍጥነት አልኳችሁ። ብር ሰብስባችሁ ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ገዝታችሁ በአውቶብስ ላካችሁልኝ። ያን ዕቃ መናኸሪያ ሄጄ ስቀበል በእውነት ዓይኔ እንባ ሞላ። አስተማሪ ሆኖ ይህን ያገኘ ሰው ደመወዜ አነሰ ብሎ አያማርርም (ውሸቴን ነው፣ ያማርራል፤ ለአንድ ቀን ግን ይረሳዋል)።

አሁን ስጽፈው የሚያሳፍረኝ ግን ይህ ነው። ፍጥነት ስትሉኝ «ራም ጨምሩልኝ» ማለት ነበረብኝ። ኤስኤስዲ ያልኩት ስሙ ዘመናዊ ስለሆነ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ለተማሪ ስተርት እኖራለሁ፤ እኔው ቀድሜ ጠመጠምኩ።

ሰርቨሩ ላይ ፋይሎቹን የሚያስተዳድረው ዜድኤፍኤስ የሚባል የፋይል ሥርዓት ነው። በድሮው ሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ውስጥ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተለቀቀ፣ አሁን ሊኑክስ ላይ በነፃ የምንጠቀምበት ጥሩ ነገር ነው። ፋይል ሲበላሽ ራሱ ያውቃል፣ ከሁለተኛው ዲስክ ላይ አንብቦ ራሱ ይጠግናል። መብራት በየጊዜው እልም በሚልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዜድኤፍኤስ በቅርብ የተነበበውን ነገር ራም ላይ ያስቀምጣል፤ ይህን ካሽ እንለዋለን። ኤስኤስዲ ስትጨምሩለት ደግሞ ራም ላይ ያልበቃውን እዚያ ይይዝልሃል፣ ሁለተኛ ካሽ ይሆንልሃል። እኔም የእናንተን ኤስኤስዲ በሁለተኛ ካሽነት ሰካሁት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰርግ ነበር። መጽሐፍ ሲከፈት ጠቅ፣ ቪዲዮ ጠቅ። ተማሪዎቹ «ቲቸር ምን ሆነ? በረረ እኮ!» ይሉኛል። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ፎቶ አንስቼ እዚሁ ገጽ ላይ ለጥፌላችሁ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ።

አንድ ቀን ጠዋት ላቡን ስከፍት የሰርቨሩ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። አንድ ገጽ ለመክፈት ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። የሙከራ ፈተና የተቀመጡ የ12ኛ ክፍል ልጆች ጥያቄ 14 ላይ ተገትረው ቀሩ። ፕሮሰሰሩን ሳየው 100 በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አጥፍቼ አበራሁት፣ ዳነ። ደስ አለኝ። ከአራት ከአምስት ቀን በኋላ ተመልሶ ያው። እንደገና አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ዳነ። ሲቆይ ያው። ቫይረስ ነው አልኩ፤ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ቫይረስ ፈልጌ አጣሁ። ሙቀት ነው አልኩ፤ አቧራውን ጠረግሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። መብራት የሚጠፋበት ሳምንት ሰርቨሩ ደህና ነው። መብራት ሳይጠፋ አራት አምስት ቀን ከቆየ ሰርቨሩ ይታመማል። እስቲ ይህን ለማን ትነግሩታላችሁ? በእኛ አገር መብራት ሲኖር የሚታመም ዕቃ!

እዚህ ላይ ነው ልጁ የሚመጣው። ስሙን አልጽፍም፣ ስሙ የእሱ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ቤተሰቦቹ ዲመካ አካባቢ ያሉ የሐመር ልጅ፣ ሆስቴል ነው የሚኖረው። ኮምፒውተር ያየው 9ኛ ክፍል ጂንካ ሲመጣ ነው። አሁን ግን ላቡን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። ኬብል ሲበላሽ የሚሠራው እሱ ነው። ሰርቨሩ ላይ የራሱ መግቢያ ስም ሰጥቼዋለሁ፤ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ብቻውን ይማርበት ነበር። ማታ ማታ ቁልፍ ከዘበኛው ተቀብሎ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያጠናል። መብራት ካለ፣ ማለቴ ነው። መብራት ከሌለማ ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ነጥቡን ያያችሁት ይመስለኛል። መብራት ባለበት ሳምንት ልጁ ላብ ውስጥ ነው፤ መብራት ባለበት ሳምንት ሰርቨሩ ይታመማል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ደመርኩ። ያን ሰሞን ደግሞ ስለ ክሪፕቶ ማይኒንግ ብዙ ይወራ ነበር፤ በሰው ኮምፒውተር ተደብቆ ፕሮሰሰር የሚበላ ፕሮግራም አለ ይባላል። አለቀ። ወንጀለኛዬን አገኘሁ።

በነጋታው ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ባሉበት፣ «ሰርቨሩን እያደከምከው ያለኸው አንተ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፍ አይሰጥህም» አልኩት። ቁሞ «ቲቸር፣ እኔ ምንም አልነካሁም» አለ። «ታዲያ ማነው? እኔ ነኝ?» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እሱ ተቀመጠ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? በቀጣዩ ሳምንት ሰርቨሩ ደህና ሆነ! አስተማሪዎች ማረፊያ ቁጭ ብዬ «ሌባውን ያዝኩት፣ ይኸው ጸጥ አለ» እያልኩ ሻይ ጠጣሁ። ያን ሳምንት መብራት ሦስት ጊዜ እንደጠፋ ግን አላሰብኩም። ሰው ማመን የሚፈልገውን ካገኘ ሌላውን አይቆጥርም።

ቀጥሎ አንድ ሳምንት ሙሉ መብራት አልጠፋም። በአምስተኛው ቀን ማራገቢያው እንደገና መጮህ ጀመረ። ልጁ ላቡን ከረገጠ አሥር ቀን አልፎታል።

ያን ምሽት ቤቴ አልሄድኩም። ላቡ ውስጥ ቀረሁ። አባባ ዘበኛው ሻይ በፔርሙስ አመጡልኝና «ምን ሆንክ ልጄ፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» አሉኝ። ሊሆን ምንም አልቀረውም አልኳቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፦ ማን እንደሚሠራ ሳልገምት ምን እየተሠራ እንደሆነ አየሁ። ሊኑክስ ላይ «ቶፕ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ፕሮሰሰሩን ማን እየበላው እንደሆነ በተርታ ያሳያል። ከላይ ያለው መስመር ሥራውን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ሰዎች የከፈቷቸው ፕሮግራሞች የሚወስዱት ነው። ሌላው የኮምፒውተሩ ልብ፣ ከርነሉ፣ ለራሱ የውስጥ ሥራ የሚወስደው ነው። የሰዎቹ 3 በመቶ። የከርነሉ ከ90 በላይ። ማይኒንግ ቢሆን ኖሮ የሰዎቹ ቁጥር ነበር የሚያብጠው። ይህን አንድ መስመር ለማንበብ 10 ሰከንድ ይበቃል። እኔ ልጅ እስክከስስ ድረስ አላነበብኩትም።

በዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው የልጁ ፕሮግራም አልነበረም። «አርክ ፕሩን» የሚባል የዜድኤፍኤስ የውስጥ ሠራተኛ ነው። ከታች ደግሞ «ኤልቱአርክ ፊድ» የሚባል ሌላ ሠራተኛ አለ፤ እሱ ኤስኤስዲውን የሚያጎርሰው ነው። በልጁ ስም የተከፈተ ፕሮግራም ፈለግሁ፤ አንድም የለም።

ለአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወልኩ፤ አዲስ አበባ ሰርቨሮች ላይ ይሠራል። «ቲቸር፣ አርክስታትስ የሚለውን ፋይል ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ» አለ። ላክሁ። ትንሽ ቆይቶ ደወለና «ቲቸር፣ ራሙ ስንት ነው?» አለኝ። 4 ጊጋ አልኩት። ዝም አለ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት እኔም እንደዚያው ነው የምለው።

ያስረዳኝን በእኛ ገበያ ልተርጉምላችሁ። ጂንካ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ሱቅ አላችሁ እንበል። ፊት ለፊታችሁ ያለው መደርደሪያ ራም ነው፤ ትንሽ ናት፣ ግን እጅ ያደርሳታል። ራቅ ያለው መጋዘን ሃርድ ዲስኩ ነው። ኤስኤስዲው ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ያለች ጓዳ ናት። መጋዘን ከመሄድ ጓዳ መግባት ይፈጥናል። ጥሩ። ግን ጓዳው ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ መዝገብ ያስፈልጋል፤ መዝገቡ የሚቀመጠው ደግሞ ጓዳ ውስጥ አይደለም፣ መደርደሪያው ላይ ነው። ጓዳው በሞላ ቁጥር መዝገቡ ይወፍራል፣ መደርደሪያው ላይ ለዕቃ የሚሆነው ቦታ ያንሳል።

አሁን የእኔን ጥፋት ስሙ። ሰርቨሩን መጀመሪያ ስተክል አንድ ቦታ ላይ «ለዳታቤዝ የፋይል ቁራሹን 8 ኪሎባይት አድርጉት» የሚል ምክር አንብቤ ነበር። ምክሩ ለዳታቤዝ እውነት ነው። እኔ ግን ለዳታቤዙ ብቻ ማድረግ ሲገባኝ ለሁሉም ነገር፣ ለቪዲዮውም ለመጽሐፉም፣ አደረግሁት። ምንም ካልነካችሁት መጠኑ 128 ኪሎባይት ነው። ኮረሪማውንና ቡናውን በኩንታል መመዝገብ ሲቻል በፍሬ ቆጥሮ መመዝገብ ማለት ነው። አንድ ፍሬ፣ አንድ መስመር።

እንቁጠር። 150 ጊጋባይት በ8 ኪሎባይት ሲከፋፈል ከ18 ሚሊዮን በላይ ቁራሽ ነው። ለእያንዳንዱ ቁራሽ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው መስመር ወደ 90 ባይት ገደማ ነው። ተባዝቶ 1.6 ጊጋባይት። እኔ የጫንኩት እትም ደግሞ ሊኑክስ ላይ ለካሽ የሚጠቀመው ቢበዛ የራሙን ግማሽ ነው፤ የእኔ 4 ስለሆነ 2 ጊጋባይት። ከዚያም ለመዝገብና ለመሰል ነገሮች የሚፈቀደው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው፤ 1.5 ጊጋባይት። መዝገቡ ብቻውን ጣሪያውን አልፏል።

ጣሪያው ሲታለፍ አርክ ፕሩን ይነሣል። ሥራው ማጽዳት ነው፤ የማያስፈልገውን መዝገብ ጥሎ ቦታ መክፈት። ግን የጓዳውን መዝገብ መጣል አይችልም፤ ያን ከጣለማ ጓዳ ውስጥ ያለው ዕቃ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላውን ያራግፋል፣ አይበቃም፣ እንደገና ያራግፋል፣ አይበቃም። ሌሊትና ቀን ባዶ ቤት ይጠርጋል። ፕሮሰሰሩን የበላው ይህ ነው።

መብራቱስ? የጫንኩት የ2020 እትም ኡቡንቱ ነው፤ እዚያ ላይ ያለው ዜድኤፍኤስ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር የጓዳውን መዝገብ ይረሳና ከዜሮ ይጀምራል። ማጥፋትና ማብራት የሚያድነው ለዚህ ነው። መብራት የሚጠፋበት ሳምንት ሰላም የሚሆነውም ለዚህ ነው። ጓዳውን የሚሞላው ደግሞ እኔ ራሴ ያዘጋጀሁት ነገር ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ሁሉንም ፋይል ወደ ውጫዊ ዲስክ የሚገለብጥ መጠባበቂያ። ቪዲዮዎቹም ካሽ ውስጥ ይግቡ ብዬ አንድ ቅንብር ነካክቼ ስለነበር ማንም ተማሪ የማያየው ፋይል ሁሉ እየተነበበ ጓዳ ገባ። ኤስኤስዲው በሰከንድ የሚጎርሰው ቢበዛ 8 ሜጋባይት ስለሆነ ለመሙላት አራት ሌሊት ገደማ ይፈልጋል። አራት ሌሊት ያለ መብራት መጥፋት። ሲገጣጠም እያያችሁት ነው?

ልጁም መብራትን ይጠብቃል፣ ጥፋቱም መብራትን ይጠብቃል። ሁለቱን ያገናኘ ሌላ ምንም የለም።

ታዲያ ወዲያው ኤስኤስዲውን ነቅዬ አልጣልኩትም። አንዴ በጥርጣሬ ፈርጃለሁ፤ ዕቃ ላይም ቢሆን ሁለተኛ አልደግመውም አልኩ። መጀመሪያ ከሥርዓቱ አስወጣሁት። ካሽ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ሲወጣ ምንም ፋይል አይጠፋም። (ልብ በሉ፣ ዜድኤፍኤስ ላይ በሌላ ሥራ የሚገቡ ዲስኮች አሉ፤ እነሱ እንዲህ በዋዛ አይነቀሉም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ እንዳትነኩ።) መዝገቡን ለማጽዳት ደቂቃዎች ወሰደበት፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ማራገቢያው ዝም አለ። ከውጭ የጅብ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፤ እስከዚያ ድረስ ማራገቢያው ሸፍኖት ነበር።

በነጋታው መልሼ አስገባሁትና የመዝገቡን መጠን በየጠዋቱ ደብተር ላይ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ጠዋት ግማሽ ጊጋባይት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። በሁለተኛው 0.9። በሦስተኛው 1.3። በአራተኛው 1.5ን አለፈ፤ ማራገቢያውም ጮኸ። ከዚያ አወጣሁትና መጠባበቂያው እንዳለ ሆኖ አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። ምንም የለም። ያን ጊዜ አመንኩ።

አሁን ይቅርታው።

ክፍል ውስጥ የከሰስኩትን ክፍል ውስጥ ነው መመለስ ያለብኝ። ሰኞ ጠዋት ገባሁ፣ ሰሌዳው ላይ የሱቁን ሥዕል ሳልኩ፣ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ «ሰርቨሩን ያደከምኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ታዲያ ማነው፣ እኔ ነኝ? ብዬ ጠይቄ ነበር። አዎ፣ እኔ ነበርኩ» አልኩ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ልጁን በስሙ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ «እሺ ቲቸር» ብቻ አለ።

እሺ ማለት ይቅር ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ተማሪ ለአስተማሪ እሺ ሳይል ምን ይላል?

ከትምህርት በኋላ ላብ በር ላይ ቁሞ አገኘሁት። ቁልፉን ሰጠሁት። ተቀበለኝና ትንሽ ቆይቶ «ቲቸር፣ በእኛ አገር ከብት ሲጠፋ መጀመሪያ ኮቴ ነው የሚታየው። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚጠየቀው» አለኝ። ቁጣ የለበትም፣ ሽሙጥም የለበትም። እንደሚያውቀው ነገር ነገረኝ። እኔ ስንት ዓመት በአይሲቲ የማስተምረውን እሱ ከብት ሲጠብቅ ነው የተማረው።

ያለ ላብ ያሳለፋቸው ከሦስት ሳምንት በላይ ናቸው። ፈተና የሚጠብቅ ልጅ ሦስት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ሰርቨሩን አስተካከልኩ፤ ሦስት ሳምንቱን ግን መመለሻ ትእዛዝ የለውም። አሁን ማታ ማታ ከእሱ ጋር ሒሳብ እሠራለሁ። ዕዳ ነው፣ ውለታ አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወዳዋጣችሁት ልጆች። ኤስኤስዲያችሁ አልተጣለም። ጥፋቱም የእሱ አልነበረም፤ ቦታውን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። አሁን ኡቡንቱውና የጥያቄ ባንኩ ዳታቤዝ የሚኖሩት እሱ ላይ ነው። የሙከራ ፈተናው ጥያቄ 14 ላይ መቆሙ ቀርቷል። የቀረውን ፋይል ሁሉ ቁራሹን ወደ 128 ኪሎባይት መልሼ እንደ አዲስ ገለበጥኩት፤ ቅንብሩን መለወጥ ብቻ ስለማይበቃ፣ ድሮ የተጻፈው እንደገና ካልተጻፈ አይለወጥም። ከደመወዜ ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ ራም ገዝቼ ጨምሬያለሁ። ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረብኝ እሱን ነበር።

እንዲህ ያለ ሰርቨር በየትምህርት ቤቱ፣ በየጤና ጣቢያው ለምታስነሱ ሦስት ነገር ልበል። አንድ፣ ራማችሁ ሳይበቃ ኤስኤስዲ ካሽ አትጨምሩ። ሁለት፣ ፕሮሰሰር ሲሞላ መጀመሪያ የሰው ፕሮግራም ነው ወይስ ከርነሉ የሚለውን እዩ። ሦስት፣ «አጥፍቼ ሳበራው ይድናል» ካላችሁ አልዳነም፤ ሲጠፋ ምን እንደሚረሳ ጠይቁ።

አራተኛው የኮምፒውተር አይደለም። ሁለት ነገር አብሮ ስለመጣ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ይህን ለተማሪ ፈተና ላይ አውጥቼ አውቃለሁ፤ የወደቅሁት ግን እኔ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለልጁ አሳይቼዋለሁ። አንብቦ ሲጨርስ አንድ እርማት ብቻ ሰጠኝ። «ቲቸር፣ እስከ 4 ሰዓት አይደለም የማጠናው። አባባ ዘበኛ እስከ 5 ይተዉኛል» አለኝ።

ይኸው አስተካከልኩ። እስከ 5 ሰዓት ነው።

አሁን እንኳ ከላብ መስኮት ብርሃን ይታየኛል። መብራት አልጠፋም፤ ዛሬ ስድስተኛ ቀን ነው። ማራገቢያው አይሰማም።

አክባሪያችሁ፣ ቲቸር
ጂንካ